ውሎን መመዘን፦ የናሲም ሐሚድ የቦክስ ሕይወትና የተጋጣሚዎቹ ጥያቄ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ቦክሰኛ ነው። ናሲም ሐሚድ ይባላል፤ በስፖርቱ ዓለም «ልዑሉ» በሚል ቅጽል ይታወቃል። በእንግሊዝ አገር፣ በሼፊልድ ከተማ፣ ከየመን ከመጡ ወላጆች በ1974 ተወለደ። 37 ጊዜ ተጋጥሞ 36 ጊዜ አሸነፈ፤ ከእነዚህም 31ዱን የተመደበው ዙር ሳያልቅ ጨረሰ። አንድ ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ይህን ሰው ለምን እንደ መረጥኩ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ስፖርት ምዘና በማስተምርበት ክፍል ሐሚድን በምሳሌነት አንሥቼ ነበር። «ብዙ ፎከረ፣ ብዙ ጨፈረ፤ ያሸነፋቸው ግን ደካሞች ነበሩ፤ እውነተኛ ተጋጣሚ ባገኘ ቀን ወደቀ» አልኩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አነሣችና «መምህር፣ ደካሞች መሆናቸውን በምን ዐወቁ?» ስትል ጠየቀችኝ። «በሐሚድ ስለተሸነፉ» ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ ዝም አልኩ። የዛሬው ንግግር ለዚያች ተማሪ የዘገየ መልስ ነው።

ራሱን የሚበላ ሙግት

የኔ ሙግት ምን ይመስል እንደ ነበር እንመልከት። ተጋጣሚው ደካማ ነበር፤ ለምን? ስለተሸነፈ። አሸናፊው ታላቅ አይደለም፤ ለምን? ደካማን ስላሸነፈ። በዚህ መንገድ ከሄድን በዓለም ላይ አንድም ታላቅ ቦክሰኛ አይገኝም፤ ማንም የሚያሸንፈው የተሸነፈን ሰው ነውና። ሙግቱ የሚጐዳው ደግሞ የምንነቅፈውን አሸናፊ ብቻ አይደለም። እርሱን ዝቅ ለማድረግ ስንል በፊቱ የወደቁትን ሁሉ አብረን ዝቅ እናደርጋለን። እነዚያ ሰዎች ግን የራሳቸው ሥራ፣ የራሳቸው ላብ፣ ከሐሚድ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ታሪክ ነበራቸው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። የሐሚድ አፍቃሪዎች 36ቱን ድል እንደ አንድ ዓይነት ሳንቲም ይቈጥሯቸዋል። ገና ጀማሪ ሳለ ያሸነፈውንና ሻምፒዮን ሆኖ ያሸነፈውን አይለዩም። ቁጥሩ ሁሉንም ይናገራል ይላሉ። ቁጥር ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ ይነግረናል፤ ማንን፣ መቼና በምን ሁኔታ እንዳሸነፈ ግን አይነግረንም።

በእኛ ባህል ፉከራ የታወቀ ነው። ጀግና ነኝ የሚል ሰው በአደባባይ ሲፎክር አድማጩ የድምፁን ጉልበት ብቻ አይሰማም፤ ውሎውን ይጠይቃል። የት ዋልክ? ከማን ፊት ቆምክ? «ውሎ» የሚለውን ቃል የመረጥኩት ለዚህ ነው። ውሎ የዕለቱን ጠላት፣ የዕለቱን ሜዳና የዕለቱን ሁኔታ በአንድነት ይዟል። የቦክሰኛም ምዘና ከዚህ መጀመር አለበት እላለሁ።

ሰዓት የሌለው ስፖርት

ለእኛ ቅርብ ከሆነ ስፖርት አንድ ምሳሌ ላምጣ። በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ፖል ተርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። ከዚያም በፊት በ1996 በአትላንታ፣ በ1997 በአቴንስ፣ በ1999 በሴቪያ አንደኛው ኃይሌ፣ ሁለተኛው ተርጋት ነበር። ከእናንተ መካከል «ተርጋት ሁልጊዜ ስለሚሸነፍ ኃይሌ የቀደመው ደካማን ነው» የሚል ሰው አለ? የለም። ሁላችንም የምንለው «ኃይሌ ታላቅ ነው፤ ተርጋትን የሚያህል ሰው ቀድሟልና» ነው።

በሩጫ እንዲህ ቀና የሆነ ፍርድ በቦክስ ለምን ይጠምብናል? መልሱ ሰዓቱ ይመስለኛል። በሩጫ ሰዓት ለተሸናፊውም ይመሰክርለታል። ተርጋት በ1997 የ10,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር፤ ከ1995 እስከ 1999 አምስት ጊዜ ተከታትሎ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆኗል። ኃይሌ ቢኖርም ባይኖርም የተርጋት ማንነት በመዝገብ ላይ ነበር። በቦክስ ግን አንዱ የሚታየው በሌላው ውስጥ ነው። ጥሩ ቦክሰኛ ተጋጣሚውን መጥፎ ያስመስለዋል፤ ሥራው ራሱ ይህ ነው። ስለዚህ የተሸነፈውን ሰው በዚያች ሌሊት ብቻ ካየነው ሁልጊዜ ደካማ መስሎ ይታየናል።

መፍትሔው በሰዓት ፈንታ ሌላ ምስክር መፈለግ ነው። እኔ ሦስት ጥያቄዎችን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ተጋጣሚው ከዚያ ግጥሚያ በፊት ሌሎችን ገጥሞ ምን አድርጎ ነበር? ሁለተኛ፣ በግጥሚያው ዕለት በዕድሜ፣ በክብደትና በጤና በምን ደረጃ ላይ ነበር? ሦስተኛ፣ ከሽንፈቱ በኋላ ሌሎችን ሲገጥም ምን አደረገ? እነዚህን ጥያቄዎች በሐሚድ ተጋጣሚዎች ላይ እንሞክራቸው።

የተጋጣሚዎቹ መዝገብ

በሴፕቴምበር 30 ቀን 1995፣ የ21 ዓመቱ ሐሚድ በካርዲፍ ከተማ ስቲቭ ሮቢንሰንን በ8ኛው ዙር አሸንፎ የደብሊው ቢ ኦን ቀበቶ ወሰደ። ሮቢንሰን የዚያችው ከተማ ልጅ ነው። በ1993 በሁለት ቀን ማስጠንቀቂያ ብቻ ተጠርቶ ሻምፒዮን የሆነ፣ ከዚያ በፊት በመዝገቡ ላይ ብዙ ሽንፈት የነበረበት ሰው ነበር። ነቃፊዎች የሚይዙት ይህን ነው። ቀበቶውን ከያዘ በኋላ ግን ሰባት ጊዜ አስከብሮታል። ካሸነፋቸውም መካከል ኮሊን ማክሚላን፣ ፖል ሆድኪንሰንና ዱክ ማኬንዚ ይገኛሉ፤ ሦስቱም የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮኖች ናቸው። በመጀመሪያው ጥያቄ መሠረት ሮቢንሰን በዚያ ዓመት እውነተኛ ሻምፒዮን ነበር። ሐሚድ ደግሞ በሮቢንሰን አገር፣ በሮቢንሰን ሕዝብ ፊት ሄዶ አሸነፈው።

በፌብሩዋሪ 1997 የአይ ቢ ኤፍን ሻምፒዮን ቶም ጆንሰንን በ8ኛው ዙር አስቆመው። ጆንሰን ቀበቶውን 11 ጊዜ ያስከበረ ሰው ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ግን እዚህ ላይ ይከብዳል፤ ጆንሰን 32 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ወደ ቀድሞው ቦታው አልተመለሰም። በኤፕሪል 1998 በማንቸስተር የተሸነፈው ዊልፍሬዶ ቫዝኬዝ በሦስት የክብደት መደቦች የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ታላቅ ስም ነው፤ ነገር ግን ዕድሜው ከ35 ዓመት አልፎ ነበር። እነዚህን ሁለት ድሎች ስሙ ከሚያስደምመው ትንሽ ዝቅ አድርጌ እመዝናቸዋለሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ የተረሳ ድል ያነሣልናል። በኤፕሪል 1999 ሐሚድ ፖል ኢንግልን በ11ኛው ዙር አሸነፈው። በወቅቱ ብዙዎች ግጥሚያውን እንደ አገር ውስጥ ጉዳይ አዩት። ኢንግል ግን በዚያው ዓመት በኖቬምበር ማኑኤል ሜዲናን አሸንፎ የአይ ቢ ኤፍ ሻምፒዮን ሆነ። ተሸናፊው ከሰባት ወር በኋላ በዓለም አናት ላይ ከተገኘ፣ ያሸነፈው ሰው ደካማን አሸነፈ ማለት አይቻልም። ያው ሜዲናም በ1996 በደብሊን በሐሚድ የተሸነፈ ነው።

ቩያኒ ቡንጉ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ፣ ከላባ ክብደት በታች ባለው መደብ ቀበቶውን 13 ጊዜ ያስከበረ ሰው ነበር። ሐሚድ በማርች 2000 በ4ኛው ዙር ዘረረው። ዝረራው ድንቅ ነበር፤ ቡንጉ ግን ከታች መደብ የወጣ በመሆኑ ሙሉውን ዋጋ መስጠት ይከብዳል። በ1999 በዲትሮይት የደብሊው ቢ ሲን ሻምፒዮን ሴሳር ሶቶን ያሸነፈበት ግጥሚያ ደግሞ በመያያዝና በመጓተት የተሞላ፣ ነጥብ እስከ መቀነስ ያደረሰ ነበር። ድል ነው፤ የሚያኮራ ውሎ ግን አይደለም።

ስንደምር ምን እናገኛለን? ሐሚድ ቀበቶውን 15 ጊዜ አስከበረ። በየድርጅቱ ሻምፒዮን የተባሉ ሰዎችን ገጠመ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ፀሐያቸው ወደ መጥለቂያው ያዘነበለ፣ አንዳንዶቹ ገና የሚወጡ፣ ጥቂቶቹም በሙሉ ቀናቸው ላይ የነበሩ ናቸው። ይህ ከአብዛኞቹ ታላላቅ ቦክሰኞች መዝገብ እምብዛም አይለይም። እኔ በክፍል ውስጥ ያልኩት ከዚህ መዝገብ ጋር አይስማማም።

ያልተደረጉ ግጥሚያዎች

እዚህ ላይ ነቃፊዎች አንድ ብርቱ ነገር አላቸው፤ ላልፈው አልችልም። ሁዋን ማኑኤል ማርኬዝ ለደብሊው ቢ ኦ ቀበቶ በሕግ ተረኛ ተፎካካሪ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ጠበቀ፤ ግጥሚያው አልተደረገም። ሐሚድ ከጆንሰን የወሰደውንም ከሶቶ የወሰደውንም ቀበቶ ብዙ ሳይቆይ ለቀቀ፤ በ2000 መጨረሻም የደብሊው ቢ ኦን ቀበቶ ተወ።

ያልተደረገ ግጥሚያ በምዘና ውስጥ መግባት አለበት፤ ይሁን እንጂ በጥንቃቄ ነው። በሙያ ቦክስ ውስጥ ግጥሚያን የሚወስነው ቦክሰኛው ብቻ አይደለም፤ አዘጋጁ፣ ቴሌቪዥኑና ቀበቶ ሰጪው ድርጅት እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። ደግሞም ዛሬ «ማርኬዝ» ስንል የምናስበው በአራት መደቦች ሻምፒዮን የሆነውን፣ ከዓመታት በኋላ ማኒ ፓኪያዎን የዘረረውን ሰው ነው። የ1999ኙ ማርኬዝ ግን በዚያው ዓመት ለዓለም ሻምፒዮንነት ተጋጥሞ በነጥብ ተሸንፎ ነበር። የኋለኛውን ዝና ወደ ኋላ ወስደን «ያንን ታላቅ ሰው ሸሸ» ብንል ታሪክን እናዛባለን። የእኔ ሚዛን እንዲህ ይላል፦ ተረኛን ማስጠበቅ ጥፋት ነው፤ በሐሚድ ላይ ይመዘገባል፤ ክብደቱ ግን በዚያን ጊዜ በነበረው ማርኬዝ መጠን ነው።

ትርኢቱስ?

ሐሚድ ወደ ሪንጉ ሲገባ በላይኛው ገመድ ላይ ተገልብጦ ይዘላል። የነብር ቆዳ የመሰለ ቁምጣ ይለብሳል። በ1997 በኒው ዮርክ ኬቨን ኬሊን ሲገጥም ከመጋረጃ ጀርባ ጥላውን እያሳየ ረጅም ጊዜ ጨፈረ፤ ለቡንጉ ግጥሚያ በሚበርር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ገባ። በግጥሚያ መካከል እጆቹን ወገቡ ድረስ ዝቅ አድርጎ ተጋጣሚውን ይጣራል፤ ይስቅበታል።

ለእኛ ትሕትና የመልካም ሰው ምልክት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው መውደድ ይከብደናል። ነገር ግን የምንወድደውንና የምንመዝነውን መለየት አለብን። ትርኢቱን ሁለት ቦታ ልክፈለው። ወደ ሪንግ እስኪገባ ያለው ትርኢት ለተመልካችና ለገበያ ነው፤ በምዘና ላይ ሊጨመርም ሊቀነስም አይገባም። ከደወሉ በኋላ ያለው ግን ስልት ነው። ብሬንዳን ኢንግል የተባሉት አየርላንዳዊ አሠልጣኝ በሼፊልድ በነበራቸው ቦታ ወለሉ ላይ መስመር አስምረው ልጆችን የእግር አጣጣል ያስተምሩ ነበር። ሐሚድ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በዚያ ያደገ ግራኝ ነው። እጁን ዝቅ ሲያደርግ ተጋጣሚው ይወረውራል፤ ራሱን ወደ ኋላ ሲሰብቅ ቡጢው አየር ይመታል፤ ከዚያ ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ የሐሚድ ቡጢ ይመጣል። ያ የሚያናድደው እጅ ማውረድ ወጥመድ ነበር።

ስልቱ ዋጋ ያስከፍል ነበር። በኬሊ ግጥሚያ ሐሚድ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ኬሊም ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ በ4ኛው ዙር ግጥሚያው በሐሚድ ዝረራ አለቀ። እዚያ ላይ ሁለቱንም ነገር በአንድነት እናያለን፦ ሚዛኑን የማይጠብቅ እግርና ወድቆ የሚነሣ ልብ። ትርኢተኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስት ጊዜ ከወደቀ በኋላ ባልተነሣ ነበር።

የኤፕሪል 7 ቀን 2001 ሌሊት

አሁን ወደ ሽንፈቱ እንምጣ። በላስ ቬጋስ ሐሚድ ከሜክሲኳዊው ማርኮ አንቶኒዮ ባሬራ ጋር ተገናኘ። ሁለቱም 27 ዓመታቸው ነበር። ባሬራ አልተጣደፈም። በወጥመዱ አልገባም፤ ወደ ጎን እየዞረ በአጭርና በትክክለኛ ቡጢ ነጥብ ሰበሰበ። ሁለት ዳኞች 115 ለ112፣ አንደኛው 116 ለ111 ለባሬራ ሰጡ፤ ያውም በ12ኛው ዙር ባሬራ የሐሚድን ራስ ከማዕዘኑ ምሰሶ ጋር በማጋጨቱ ነጥብ ተቀንሶበት ነው። ስለ ውጤቱ ክርክር የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የፍርድ ጉዳይ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ 35ቱ ድሎች በአንድ ሌሊት ረከሱ። ከግጥሚያው በፊት ግን ተመራጩ ሐሚድ ነበር። ባሬራ በጁኒየር ጆንስ ሁለት ጊዜ፣ በኤሪክ ሞራሌስ አንድ ጊዜ ተሸንፎ፣ ከታች መደብ ወጥቶ ነበር የመጣው። እስቲ ሐሚድ አሸንፎ ቢሆን ኖሮ ምን እንል እንደ ነበር አስቡ። «ባሬራ በጆንስ የተሰበረ፣ ለክብደቱ ትንሽ የሆነ ሰው ነበር» እንል ነበር። ያው ባሬራ ስላሸነፈ ብቻ «እውነተኛው ተጋጣሚ» ተባለ። ምስክራችን ውጤቱን አይቶ ቃሉን የሚቀይር ከሆነ ምስክር አይባልም።

ባሬራ ታላቅ ቦክሰኛ ነው፤ በ2002 ሞራሌስን መልሶ ማሸነፉ ያረጋግጣል። ስለዚህ ሐሚድ በዚያች ሌሊት በታላቅ ሰው ተሸነፈ። ይህ ሽንፈት አንድ ነገር ያስተምረናል፦ ትዕግሥት ያለው፣ በንዴት የማይሳብ ተጋጣሚ ሲመጣ ሐሚድ ሁለተኛ ዕቅድ አልነበረውም። በ1998 ከኢንግል ከተለየ በኋላ መሠረቱን የሚያጠብቅለት እንዳላገኘ መዝገቡ ይጠቁማል። ይህን ጉድለት መመዝገብ ተገቢ ነው። ጉድለቱ ግን በካርዲፍ የወደቀውን ሮቢንሰንን ደካማ አያደርገውም።

ፍርዴ

የራሴን ፍርድ ሳልሰጥ ብወርድ ሸሸ ትሉኛላችሁ። ሐሚድ ከ1995 እስከ 2000 ባለው ጊዜ የላባ ክብደት ቀዳሚ ሰው ነበር። በ2015 ዓለም አቀፉ የቦክስ የክብር አዳራሽ ስሙን ማስገባቱ ትክክል ይመስለኛል። ይሁን እንጂ በመደቡ ታሪክ ከጥቂቶቹ ከታላላቆቹ ታላላቅ ጎን አላስቀምጠውም። ምክንያቴ የባሬራ ሽንፈት አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። በሜይ 2002 ማኑኤል ካልቮን በነጥብ አሸንፎ፣ በ28 ዓመቱ ዳግመኛ ወደ ሪንግ አልተመለሰም። የእጅ ጉዳት እንደ ነበረበት ይታወቃል፤ አልወቅሰውም። ነገር ግን ባሬራ በጆንስ ሁለት ጊዜ ወድቆ ተመለሰና ሌላ ሰው ሆኖ ታየ። ሐሚድ ከሽንፈት በኋላ ማን ሊሆን ይችል እንደ ነበር የሚያሳይ ውሎ የለንም። የጎደለው ገጽ ይህ ነው፤ ገጹን በጥላቻም በፍቅርም መሙላት አንችልም።

በመጨረሻ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኝ ነበርኩ። ልጁ ድምፁ ከፍ ያለ፣ በራሱ የሚመካ፣ ከመምህራኑ ፊት እጁን ኪሱ ከትቶ የሚናገር ነበር። ዝቅ ያለ ውጤት ጻፍኩለት፤ «ያነሣቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው» የሚል ምክንያትም አከልኩ። አብሮኝ የፈተነው ባልደረባዬ ወረቀቱን አየና «ቀላል የሆነው በየትኛው ገጽ ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጽሑፉን አገላበጥኩ፤ ገጹን አላገኘሁትም። ጥያቄዎቹ ቀላል አልነበሩም፤ እርሱ ሲመልሳቸው ቀላል መስለው ነበር። ውጤቱን አስተካከልኩ፤ ያ ባልደረባ ባይጠይቀኝ ኖሮ ግን አላስተካክለውም ነበር።

ተማሪዎቼ፣ እናንተም ነገ ፈታኝ፣ ዳኛ፣ ቀጣሪ፣ ጸሐፊ ትሆናላችሁ። ከፊታችሁ ደስ የማይል፣ ድምፁ የበዛ፣ ውጤት ያለው ሰው ይቆማል። «ያሸነፈው ደካማን ነው» የሚል ቃል ወደ አፋችሁ ይመጣል። ያን ጊዜ ያቺ ተማሪ የጠየቀችኝን ጠይቁ፦ ደካማ መሆኑን በምን ዐወቅሁ? በየትኛው ገጽ፣ በስንተኛው ዙር? መልስ ካላችሁ ያለ ፍርሃት ፍረዱ። መልስ ከሌላችሁ ብዕራችሁን አስቀምጡና መዝገቡን እንደገና ክፈቱ።